የነጋዴው ድረ ገጽ ለደንበኛ ሁሉ የተከፈተ በር ይሁን

ማንኛውም ነጋዴ ሱቅ ሲከፍት በመጀመሪያ የሚያስበው ደንበኛው በቀላሉ ስለሚገባበት በር ነው። ደረጃው እጅግ ከፍ ያለ፣ መግቢያው የጠበበና የዋጋው ጽሑፍ የደበዘዘ ሱቅ፣ ዕቃው ምንም ቢያምር ገበያው እንደሚቀዘቅዝ የታወቀ ነው። በዛሬው ጊዜ ብዙ አስመጪዎች፣ ላኪዎችና ባለ ሱቆች በመንገድ ዳር ካለው መደብራቸው ሌላ በኢንተርኔት ላይ የራሳቸውን ድረ ገጽ ከፍተዋል። ይሁን እንጂ የዚህ የሁለተኛው ሱቅ በር ለማን እንደ ተከፈተና በማን ላይ እንደ ተዘጋ መመርመር ያስፈልጋል።

ዓይነ ስውር የሆነ ደንበኛ ድረ ገጽን የሚያነበው በጆሮው ነው። በኮምፒዩተሩ ወይም በሞባይሉ ላይ ያለው የንባብ ፕሮግራም የተጻፈውን ወደ ድምፅ ይለውጥለታል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ማውዙን ትቶ በኪቦርድ ብቻ ይሠራል። ዕድሜው የገፋው ፊደሉን አጉልቶ ያነባል፤ በፀሐይ ላይ ቆሞ ሞባይሉን የሚመለከተውም የደበዘዘ ጽሑፍ አይታየውም። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ከፋይ ደንበኞች ናቸው። ገጹ ካላስተናገዳቸው ግን ለባለ ሱቁ አንዳች ሳይናገሩ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ ነጋዴውም በዚህ ያጣውን ትርፍ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ፈልጎ አያገኘውም።

ለዚህ ጉዳይ መለኪያ የሚሆን ደንብ ከወጣ ቆይቷል። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ድርን የፈለሰፉት ቲም በርነርስ ሊ በ1994 ያቋቋሙት ደብልዩ ስሪ ሲ የተባለው ማኅበር የመጀመሪያውን የተደራሽነት መመሪያ በ1999 አወጣ። ሁለተኛው በ2008 ወጣ፤ ይኸውም በ2012 በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ቁጥር 40500 ተሰጥቶት ጸደቀ። መመሪያው ከዚያም በ2018 እና በ2023 ተሻሽሏል። አሳቡ በአራት ነገር ይጠቃለላል፤ ገጹ በዓይን ወይም በጆሮ የሚደረስበት፣ በማንኛውም መሣሪያ የሚሠራበት፣ የሚገባና በልዩ ልዩ ፕሮግራም ሳይበላሽ የሚነበብ ይሁን ማለት ነው።

ነገሩ የበጎ አድራጎት ብቻ አለመሆኑን የሚያስረዳ ምሳሌ ከአሜሪካ ይገኛል። ታርጌት የተባለው ትልቅ የችርቻሮ ኩባንያ ዓይነ ስውራን በድረ ገጹ ሊገበያዩ አልቻሉም ተብሎ በ2006 በካሊፎርኒያ ተከሰሰ። በክሱ ከቀረቡት ነጥቦች መካከል ሥዕሎቹ መግለጫ የሌላቸው መሆናቸውና ያለ ማውዝ ግዢን መፈጸም አለመቻሉ ይገኙበታል። ኩባንያው በ2008 ስድስት ሚሊዮን ዶላር ለካሣ መድቦ ነገሩን በስምምነት ጨረሰ። በአውሮፓ ኅብረትም በ2019 የወጣው የተደራሽነት ሕግ ከሰኔ 28 ቀን 2025 ጀምሮ ይሠራል፤ በኢንተርኔት ለተጠቃሚ ሕዝብ የሚደረገውንም ሽያጭ ይጨምራል። ከ10 ያነሱ ሠራተኞች ያሉትና ዓመታዊ ገቢው ከ2 ሚሊዮን ዩሮ የማይበልጥ አነስተኛ አገልግሎት ሰጪ ነፃ ነው። ሕጉ የሚመለከተው ለተጠቃሚ የሚሸጠውን ስለ ሆነ፣ ቡናውን በጅምላ ለኩባንያ የሚሸጥ ላኪ በቀጥታ አይነካውም፤ ቈልቶና አሽጎ በድረ ገጹ ለአውሮፓ ጠጪ የሚሸጥ ግን ሊያስብበት ይገባል።

እንግዲህ አሮጌውን ገጽ ለማደስ የሚነሣ ነጋዴ ከምን ይጀምር? ከሁሉ በፊት የዋጋ ዝርዝሩን ይመልከት። ዝርዝሩን ፎቶግራፍ አንሥቶ መለጠፍ ቀላል ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን የንባብ ፕሮግራሙ በሥዕል ውስጥ ያለውን ፊደል እንደ ጽሑፍ አያገኘውም። ስለዚህ ዋጋው በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ለዕቃው ፎቶግራፍ ደግሞ «ባለ 50 ኪሎ የሰሊጥ ጆንያ» የሚል ዓይነት አጭር መግለጫ ይሰጠው።

ቀጥሎ ቀለም ነው። መመሪያው በመካከለኛው ደረጃ ለተራ ጽሑፍ የፊደሉና የመደቡ የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ፊደል 3 ለ 1 እንዲሆን ያዛል። ብዙዎች ዋጋ የሚጽፉበት ደማቅ ቀይ በነጭ ላይ ሲሆን ወደ 4 ለ 1 ብቻ ስለ ሆነ በትንሽ ፊደል አያልፍም፤ ቢጫ በነጭ ላይ ደግሞ ከ1.1 ለ 1 እንኳ አይደርስም። ያለቀው ዕቃ በቀይ፣ ያለው በአረንጓዴ ብቻ ቢለይ ሁለቱን ቀለማት የማይለይ ደንበኛ ይሳሳታል፤ «አልቋል» የሚል ቃል መጨመር ግን ምንም ወጪ የለውም።

የአማርኛ ጽሑፍ ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በልዩ ልዩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈው፣ ያው ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ አሮጌ ጽሑፍ ያለው ሰው ወደ ዩኒኮድ ያስለውጠው። ባለሙያው በገጹ መግለጫ ውስጥ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን ማመልከት አለበት፤ አለዚያ የንባብ ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ይሞክራል።

የተሠራውን ለመፈተን ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ባለ ሱቁ ማውዙን ወደ ጎን አድርጎ፣ በኪቦርዱ ብቻ፣ ታብ የተባለውን ቁልፍ እየተጫነ ከመግቢያው እስከ ትእዛዙ መጨረሻ ይሂድ፤ የቆመበት ቦታ ካልታየው ወይም መንገድ ላይ ከቀረ፣ ደንበኛውም እዚያው ይቀራል። የመመርመሪያ ፕሮግራሞች ብዙ ጉድለት ያሳያሉ፤ ሁሉን ግን አያገኙምና የሚጠቀምበትን ሰው ራሱን ማስሞከር ይሻላል።

ድረ ገጹን የሚያሠራ ነጋዴ ይህን ሁሉ ከባለሙያው ጋር በሚዋዋልበት ቀን በውሉ ውስጥ ያስገባው። ቤት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በር ማስፋት ከመሠረቱ አስፍቶ ከመሥራት የበለጠ እንደሚያስወጣ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።