ፖሊሶች ደመወዝ በሚታሰብበት የሥራ ሰዓት ስፖርት ሊሠሩ ይገባል?

አንድ የቅኝት ፖሊስ አብዛኛውን ፈረቃውን መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሊያሳልፍ ይችላል። ፈረቃው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው የሬዲዮ መልዕክት ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ጥይት መከላከያ ሰደርያውን፣ መሣሪያውን፣ ካቴናውንና ሬዲዮውን እንደታጠቀ፣ 10 ኪሎ ግራም ገደማ ተጨማሪ ክብደት ተሸክሞ ደረጃ በሩጫ መውጣት፣ አጥር መዝለል ወይም በዕድሜ ከሚያንሰው ሰው ጋር መታገል ሊጠበቅበት ነው። ልቡ ከእረፍት ወደ ከፍተኛው ምት የሚሸጋገረው በሰከንዶች ውስጥ ነው።

ለዚህች ቅጽበት መዘጋጀት የማን ኃላፊነት ነው? በአሜሪካና በአውሮፓ የሚገኙ የፖሊስ ተቋማት ለዚህ ጥያቄ የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። አንዳንዶቹ አባሎቻቸው ደመወዝ በሚታሰብበት ሰዓት ስፖርት እንዲሠሩ ይፈቅዳሉ። ሌሎቹ ደግሞ ብቃቱን በፈተና ይጠይቃሉ፤ የልምምዱን ጊዜ ግን ለአባሉ ይተዋሉ።

ከጥይት ሌላ ያለው አደጋ

የፖሊስ ሥራ አደጋ ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው የጦር መሣሪያን ነው። እአአ በ2014 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ግን ሌላ አደጋ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ከ1984 እስከ 2010 ባለው ጊዜ በአሜሪካ በሥራ ላይ የሞቱ ከ4,500 በላይ ፖሊሶችን መዝገብ ሲመረምሩ፣ 441ዱ የሞቱት በድንገተኛ የልብ ሕመም መሆኑን አረጋግጠዋል።

ይበልጥ ትኩረት የሳበው ግን ሞቱ የደረሰበት ሁኔታ ነበር። ከእነዚህ ሞቶች 25 በመቶ ያህሉ የተከሰቱት ፖሊሶቹ ተጠርጣሪን ለመቆጣጠር በሚታገሉበት ወይም ግብግብ በገጠሙበት ወቅት ነው። ትግል ከፖሊስ የሥራ ጊዜ እጅግ ጥቂቱን ብቻ የሚወስድ በመሆኑ፣ በዚያ ወቅት ለልብ ሞት የመጋለጥ ዕድል ከመደበኛ ሥራ ጋር ሲነጻጸር ከ34 እስከ 69 እጥፍ እንደሚጨምር ተመራማሪዎቹ አስልተዋል። ተጠርጣሪን በማሳደድ ወቅት ደግሞ ጭማሪው ከ32 እስከ 51 እጥፍ ነው።

ሐኪሞች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ድንገተኛ ከባድ እንቅስቃሴ ጤናማና የለመደን ልብ እምብዛም እንደማይጎዳ ይናገራሉ። አደጋው የሚበረታው የደም ቧንቧው አስቀድሞ በጠበበ፣ የደም ግፊቱ ከፍ ባለና እንቅስቃሴ ባልለመደ ሰው ላይ ነው።

የሥራው ጠባይም ለእነዚህ ችግሮች ያጋልጣል። በኒው ዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ እአአ ከ2004 ጀምሮ ከ400 በላይ የከተማዋን ፖሊሶች ጤና ሲከታተል ቆይቷል። ጥናቱን የመሩት ጆን ቫዮላንቲ ወደ ምርምር ከመግባታቸው በፊት ለ23 ዓመታት የግዛቲቱ ፖሊስ አባል ነበሩ። የምርምር ቡድናቸው የሌሊት ፈረቃ፣ የእንቅልፍ እጦትና የሥራ ጭንቀት ከወገብ ውፍረት፣ ከደም ግፊትና ከስኳር መጠን መጨመር ጋር ያላቸውን ዝምድና መዝግቧል። በጥናቱ ከተካተቱት ፖሊሶች 40 በመቶው ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበራቸው።

“በራሳቸው ጊዜ ለምን አይሠሩም?”

ግብር ከፋዩ ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። የቢሮ ሠራተኛም ሆነ መምህር ስፖርት የሚሠራው ከሥራ ውጭ ነው፤ ለዚያ የሚከፍለው የለም።

የፖሊስ ማኅበራት መልስ በሁለት ነጥቦች ላይ ያርፋል። የመጀመሪያው የጊዜ ጉዳይ ነው። ተለዋዋጭ ፈረቃ፣ የግዴታ ትርፍ ሰዓትና በዕረፍት ቀን ለምስክርነት ፍርድ ቤት መቅረብ ለቋሚ ልምምድ አይመቹም። ሁለተኛው የመርህ ጉዳይ ነው። የአካል ብቃት ለሥራው የሚያስፈልግ ከሆነ፣ እንደ ተኩስ ልምምድ ሁሉ የሥራው አካል ተደርጎ ሊታይ ይገባል ይላሉ።

ይህ መርህ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተፈትኗል። በፍሎሪዳ ዴድ ካውንቲ የልዩ ምላሽ ቡድን አባላት፣ መሥሪያ ቤቱ ብቁ ሆነው እንዲገኙ ስለሚጠይቃቸው ከሥራ ሰዓት ውጭ ስፖርት ለሠሩበት ጊዜ እንዲከፈላቸው ክስ መሥርተው ነበር። የ11ኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እአአ በ1997 ጥያቄያቸውን ውድቅ አደረገው። በዚህ ውሳኔ መሠረት ቀጣሪው ብቃትን ስለጠየቀ ብቻ፣ ሠራተኛው በራሱ ጊዜ ለሚያደርገው ልምምድ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ስለዚህ በዚያ የሚከፈልበት የስፖርት ሰዓት በአመዛኙ የተቋሙ ፈቃድ ወይም የኅብረት ስምምነት ውጤት ነው።

ከክፍያው ያልተናነሰ ሌላ ጉዳይም አለ። በሥራ ሰዓት ስፖርት ሲሠራ ጉልበቱ የተጎዳ ፖሊስ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ለመጠየቅ የተሻለ መሠረት ይኖረዋል። በዕረፍት ቀኑ በሠፈሩ ሲሮጥ የተጎዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወጪውን የሚችለው ራሱ ነው።

የእንግሊዝና የጀርመን መንገድ

በእንግሊዝና ዌልስ፣ በቶም ዊንሰር የተመራ ገለልተኛ ግምገማ እአአ በ2012 ባቀረበው ምክረ ሐሳብ መነሻነት ዓመታዊ የአካል ብቃት ፈተና ከ2014 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ተፈታኙ በ15 ሜትር ርቀት መካከል፣ እየፈጠነ በሚሄድ የድምፅ ምልክት ታግዞ ይመላለሳል። መደበኛው የማለፊያ ነጥብ 5.4 ሲሆን፣ እዚያ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ከአራት ደቂቃ ያነሰ ነው። ለታጠቁ ክፍሎች መለኪያው ከፍ ይላል። ለፈተናው የሚደረገው ዝግጅት ግን በአመዛኙ ለአባሉ የተተወ ነው።

በጀርመን “ዲንስትሽፖርት” ወይም የሥራ ስፖርት የሚባል የቆየ አሠራር አለ። በተፈቀደው መጠንና በኃላፊ ዕውቅና የሚሠራ ስፖርት እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል። ፖሊስ የሚተዳደረው በ16ቱ ክፍለ ግዛቶች በመሆኑ የሰዓቱ መጠንና የሚፈቀዱት የስፖርት ዓይነቶች ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። የሰው ኃይል ሲያጥርም ይህ ሰዓት በወረቀት ላይ ብቻ ሊቀር ይችላል።

ሒሳቡ ምን ይላል?

የአሠራሩ ትልቁ ፈተና የሰው ኃይል ነው። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠሩ 100 ፖሊሶች ያሉት ጣቢያ ለእያንዳንዳቸው ሦስት የስፖርት ሰዓት ቢፈቅድ፣ በየሳምንቱ 300 የሥራ ሰዓት ከቅኝት ይወጣል። ይህም የሰባት ተኩል የሙሉ ጊዜ ፖሊሶች ሥራ ነው። ለአስቸኳይ ጥሪ ረጅም ጊዜ በሚጠበቅበት ከተማ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

በሌላው የሚዛን ሰሃን ላይ የሕመም ፈቃድ፣ ያለዕድሜ ጡረታ፣ የካሳ ክፍያና የአዲስ ምልምል ሥልጠና ወጪ ይቀመጣሉ። አንድ የልብ ሕመም ልምድ ያለውን ፖሊስ ለዘለቄታው ከሥራ ሊያርቀው ይችላል። ችግሩ የስፖርቱ ወጪ ዛሬ በፈረቃ ሰሌዳው ላይ ሲታይ፣ ጥቅሙ የሚታየው ከዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። በጀቱን ያጸደቀው ኃላፊ ያን ጊዜ በቦታው ላይኖር ይችላል።

ስፖርቱም ጥንቃቄ ይሻል

ሰዓት መፍቀድ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የ2014ቱ ጥናት ከልብ ሞቶቹ 20 በመቶ ያህሉ የተከሰቱት በአካል ብቃት ልምምድ ወቅት መሆኑንም አሳይቷል። ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የኖረን የ45 ዓመት ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ፈጣን ሩጫ ማስገባት ሊያድነው የታሰበውን ሰው ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

ስለዚህ የጤና ምርመራ መቅደም አለበት። ልምምዱም ከፈጣን እርምጃ ተነስቶ ቀስ በቀስ ማደግ ይኖርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ልምምድ ነው። በሥራ ላይ የሚፈቀድ ሦስት የግማሽ ሰዓት ክፍለ ጊዜ የዝቅተኛውን መጠን ከግማሽ በላይ ይሸፍናል።

በኢትዮጵያ ስፖርትና የፖሊስ የደንብ ልብስ የቆየ ዝምድና አላቸው። ኃይሌ ገብረሥላሴ “ሻለቃ”፣ ደራርቱ ቱሉ ደግሞ “ኮሎኔል” ተብለው የሚጠሩት ከፖሊስና ከማረሚያ ቤቶች ጋር በነበራቸው ትስስር ነው። ይሁን እንጂ የክለብ አትሌት ሩጫ ሥራው ነው። ሌሊቱን በቅኝት የሚያሳልፈው ተራ ፖሊስ ግን ልምምዱን ከእንቅልፉ ወይም ከቤተሰቡ ጊዜ መቀነስ ይኖርበታል።

የክርክሩ ዋና ነጥብም ይኸው ነው። የፖሊሱ ልብ መድከም መዘዙ ለእሱ ብቻ የሚተርፍ አይደለም። በትግል መካከል ትንፋሽ ያጠረው ፖሊስ ወደ ጦር መሣሪያው ለመሄድ ሊቸኩል ይችላል፤ ደረጃው ላይ የደከመውም እርዳታ ለጠራው ሰው ዘግይቶ ይደርሳል። የሚከፈልበት የስፖርት ሰዓት ዋጋ ሲመዘን ይህም አብሮ ሊታሰብ ይገባል።