ኮምፒዩተር ሲግል ጥፋተኛው ማን ነው?

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ሰው ትኩሳት ይዞት ወደ ሐኪም ቤት ቢሄድ፣ ሐኪሙ ግንባሩን ዳስሶ «ግንባርህ ተበላሽቷልና በሌላ ይለወጥ» አይለውም። ትኩሳቱ ከየት እንደ መጣ ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ ከዚያ በኋላ መድኃኒት ያዝዛል እንጂ። ኮምፒዩተራችን የጋለ እንደ ሆነ ግን ብዙዎቻችን ምርመራውን እንዘለዋለን። የጋለው ፕሮሰሰሩ ነውና ጥፋቱንም በእርሱ ላይ ጥለን ለአዲስ መግዣ ገንዘብ ፍለጋ እንወጣለን። ይህ ስሕተት መሆኑን የተማርሁት በራሴ ላይ ከደረሰው ነገር ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ከነኀፍረቱ ልንገርዎ።

የዕቁብ ዕጣ በደረሰኝ ጊዜ አንድ ያገለገለ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ገዛሁ። ፕሮሰሰሩ የሚቀዘቅዘው እንደ ተራዎቹ በማራገቢያ ብቻ ሳይሆን በቱቦ ውስጥ በሚዘዋወር ፈሳሽ ነበር። በዚህ ኮምፒዩተር ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የፊዚክስ ትምህርት በቪዲዮ አዘጋጅ ጀመር። በ2017 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ ልጆቹ ለፈተና ሁለት ወር ያህል ሲቀራቸው፣ ኮምፒዩተሩ በተከፈተ በ10 ደቂቃ ውስጥ ድርግም እያለ ይጠፋ ጀመር። ወደ አንድ ጥገና ቤት ብወስደው «ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል፤ ይለወጥ» ተባልሁ። የተጠየቅሁትም ዋጋ ከሁለት ወር ደመወዜ በላይ ነበር።

ገንዘቡ ስላልነበረኝ ኮምፒዩተሩን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ከዚያም በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ቅባት ሦስት ጊዜ ጠርጌ ሦስት ጊዜ ቀባሁ። ለውጥ አልተገኘም። ማራገቢያዎቹ ሲዞሩ እያየሁም «ማቀዝቀዣውስ ደኅና ነው» እያልሁ ራሴን አታለልሁ።

አንድ ቀን ከተማሪዎቼ አንዱ ትምህርቱን በፍላሽ ሊቀዳ መጣ። ሣጥኑ ተከፍቶ ነበርና እጁን በራዲያተሩ ላይ አሳርፎ «ቲቸር፣ ይኼ ለምን ቀዘቀዘ?» አለኝ።

«ማቀዝቀዣ አይደለም እንዴ! ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል?» አልሁት።

«አይ ቲቸር፤ አባቴ ሚኒባስ ነው የሚነዳው። ሞተሩ እየፈላ ራዲያተሩ ከቀዘቀዘ ውሃው አልዞረም ማለት ነው ይላል።»

ሙቀት ከአካል ወደ አካል የሚተላለፍባቸውን ሦስት መንገዶች በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ የምጽፈው መምህር አፌን ያዝሁ። ፈሳሹን የሚያዞረውን ፓምፕ ገመድ ብንከተለው፣ ጫፉ ከማዘርቦርዱ ተነቅሎ በሌሎች ገመዶች መካከል ተደብቋል። የነቀለውም ሌላ ሰው አልነበረም፤ ባለፈው ሳምንት አቧራ ስጠርግ እኔው ራሴ በብሩሽ ጎትቼው ኖሯል። ገመዱን መልሰን ብንሰካው «ተቃጥሏል» የተባለው ፕሮሰሰር ያለ ምንም ችግር ይሠራ ጀመር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

የሙቀት መንገድ

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። ሙቀት መንገደኛ ነው፤ ከፕሮሰሰሩ ተነሥቶ እስከ ክፍሉ አየር ድረስ ይጓዛል። ፕሮሰሰሩ የሚግለው አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ስለ ታመመ ሳይሆን መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ስለ ተዘጋ ነው። ስለዚህ የእኛ ሥራ መንገዱን ከመነሻው እስከ መድረሻው በእግራችን እንደምንሄድ ሁሉ ተከትለን መዝጊያውን ማግኘት ነው።

መንገዱም እንደሚከተለው ነው። ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ጀርባ ተነሥቶ ቴርማል ፔስት በሚባለው ግራጫ ቅባት በኩል ወደ መዳብ ሰሌዳ ያልፋል። በሰሌዳው ላይ የሚያልፈው ፈሳሽ ሙቀቱን ይሸከማል። ፓምፑ ፈሳሹን ገፍቶ በቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይልከዋል። ማራገቢያዎቹም በራዲያተሩ ስስ ክንፎች መካከል አየር እያሳለፉ ሙቀቱን ከሣጥኑ ያስወጡታል። የቀዘቀዘው ፈሳሽ በሁለተኛው ቱቦ ተመልሶ ሌላ ሸክም ይቀበላል። የመኪና ሞተር የሚቀዘቅዝበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ፈሳሽ የተመረጠው ብዙ ሙቀት መሸከም ስለሚችል ነው። 1 ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ እንዲሞቅ 4,180 ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል፤ 1 ሊትር አየር ግን በባሕር ጠረፍ እንኳ ከ1 ጁል እምብዛም የማይበልጥ ይበቃዋል። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከአይ ቢ ኤም ትላልቅ ኮምፒዩተሮች አንዳንዶቹ በውሃ ይቀዘቅዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ክሬይ 2 የተባለው ኮምፒዩተርም ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ይሠራ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር አይርሱ፤ ፈሳሹ ሙቀትን ያጓጉዛል እንጂ አያጠፋም። ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዝቅዝም አይችልም።

አስቀድሞ መለካት

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ካቻቪቴ ከማንሣትዎ በፊት ይለኩ። የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳዩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በሚከፈተው ባዮስ ውስጥም ቁጥሩ ይገኛል። ብዙዎቹ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ያለ ሥራ ሲቀመጡ ከ35 እስከ 50፣ ከባድ ሥራ ሲሠሩ ደግሞ ከ65 እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሳያሉ። ወደ 95 ወይም 100 ሲደርሱ ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ካልበቃም ይጠፋሉ። ይህ በአንዳንዶቹ ዘንድ ልዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡት የኤ ኤም ዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች በከባድ ሥራ ጊዜ እስከ 95 ዲግሪ ድረስ እንዲሠሩ ሆነው የተዘጋጁ ናቸውና፣ ያን ቁጥር አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም። ስለዚህ የራስዎ ፕሮሰሰር ወሰን ስንት እንደ ሆነ ከሠሪው መግለጫ ያረጋግጡ።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን ብዙ የሚናገረው የአወጣጡ ፍጥነት ነው። ሰዓትዎን ይዘው ይመልከቱ። በዋናነት የሚታዩት ምልክቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፤ ከባድ ሥራ በተጀመረ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሙቀቱ 95 ከደረሰና ሥራው ሲቆም ወዲያው ከወረደ፣ መንገዱ የተዘጋው በመነሻው ላይ ነው። ይኸውም ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወደ መዳብ ሰሌዳው በደንብ አላለፈም ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ ምንም ሥራ ሳይኖር ሙቀቱ ያለ ማቋረጥ እየወጣ ከሄደና ራዲያተሩ ከቀዘቀዘ፣ ፈሳሹ ቆሟል። የእኔ በሽታ ይኼ ነበር።

ሦስተኛ፤ መጀመሪያ ላይ ደኅና ሆኖ ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ ሥራ በኋላ ቀስ በቀስ እየጋለ ከሄደና ራዲያተሩም ከሞቀ፣ ፈሳሹ ሸክሙን እያደረሰ ነው፤ የሚረከበው አየር ግን ጠፍቷል።

መዝጊያውን መክፈት

ችግሩ በመነሻው ላይ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ከኤሌክትሪክ ይንቀሉና ሰሌዳውን ያንሡ። አዲስ ማቀዝቀዣ ከሆነ ከመዳቡ ላይ መነሣት የነበረበት ስስ ፕላስቲክ ሳይነሣ ቀርቶ እንደ ሆነ ይመልከቱ፤ ይህ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ስሕተት ነው። የደረቀውን ቅባት በንጹሕ አልኮልና በማይበንን ጨርቅ ይጥረጉ። ከዚያ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት በመካከሉ ያድርጉ። ቅባት እንደ እንጀራ ቅቤ ሲበዛ የሚጥም አይደለም፤ ሥራው በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ጥቃቅን ክፍተት መሙላት ብቻ ነው። ብሎኖቹን ሲያጠብቁ አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው አይሂዱ፤ በማዕዘን እያቀያየሩ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ፤ ያለዚያ ሰሌዳው በአንድ ወገን ያዘነብላል።

ፈሳሹ ከቆመ፣ የፓምፑ ገመድ በቦታው መሰካቱን ያረጋግጡ። በባዮስ ውስጥም የፓምፑን የዙር ቁጥር ይመልከቱ፤ ዜሮ ከሆነ ወይም አለመኖሩ ከታየ ምክንያቱን አገኙት። ብዙዎቹ ፓምፖች ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል እንዲዞሩ ስለሚፈለግ፣ እንደ ማራገቢያ ፍጥነታቸው ከፍ ዝቅ በሚል ሶኬት ላይ ከተሰኩ ይደክማሉ። ገመዱ ደኅና ሆኖ ፓምፑ ድምፅም ንዝረትም ከሌለው ሞቷል። ውሃ ሲንቦጫቦጭ ወይም ሲንኳኳ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ አየር ገብቶበታል። አየር ወደ ላይ ይወጣልና ከመሥመሩ ሁሉ ከፍ ያለው ቦታ ፓምፑ መሆን የለበትም፤ ራዲያተሩ ቢያንስ ጫፉ ከፓምፑ በላይ ይሁን።

የጠፋው አየር ከሆነ ብሩሽ ያንሡ። የራዲያተሩ ክንፎች በመካከላቸው ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ስለ ሆነ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናቸዋል። ማራገቢያዎቹን ፈትተው ከሥራቸው ያለውን ይጥረጉ። አየር በሚነፋ መሣሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ ማራገቢያው እንዳይዞር በጣትዎ ይያዙት። ከዚያ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ በስስ ወረቀት ይፈትኑ፤ ሁሉም ማራገቢያ ወደ ውስጥ ብቻ የሚነፋ ከሆነ የሞቀው አየር መውጫ አያገኝም። ሣጥኑን ከግድግዳ ጋር ማጣበቅ፣ ወይም በላዩ ላይ ዳንቴል ጣል ማድረግ ቤትን ያሳምር ይሆናል፤ ኮምፒዩተሩን ግን ያፍነዋል።

እዚህ ላይ የአገራችንን ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያሳልፈው የአየር ክብደት ያነሰ ነው። የከተማዋ ቅዝቃዜ ይህን በከፊል ይክሰዋል፤ ይሁን እንጂ በበጋው አቧራ ጊዜ ራዲያተሩን መጥረግ የሚገባን ከሌላው ሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለ ሁለት ነገር ይቀራል። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ፍጥነት ለመጨመር ሲሉ ለፕሮሰሰሩ ከተወሰነለት በላይ ኃይል ይሰጡታል፤ በባዮስ ውስጥ ወደ መጀመሪያው ልክ ይመልሱት። በስውር የገባ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ሌሊትና ቀን እያሠራው እንደ ሆነም ይፈትሹ። ሁለተኛው እርጅና ነው። ፈሳሹ ባይፈስስም በዓመታት ውስጥ በቱቦው ግድግዳ በኩል ጥቂት በጥቂት ይተንናል፤ ዝቃጭም ተፈጥሮ ጠባቡን መተላለፊያ ይደፍናል። ከፋብሪካ ተዘግቶ የመጣውን ማቀዝቀዣ ከፍተው የቧንቧ ውሃ ልጨምርበት አይበሉ፤ የሚሻለው መለወጥ ነው። የእርጥበት ምልክት ካዩም ወዲያው ከኤሌክትሪክ ይንቀሉት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ተማሪም ይሁኑ በመሥሪያ ቤት ጀማሪ ሠራተኛ፣ «ተቃጥሏል፤ ይለወጥ» የሚል ቃል በሰሙ ጊዜ ኪስዎን ከመፈተሽዎ በፊት እጅዎን በራዲያተሩ ላይ ያሳርፉ። ሙቀቱ እዚያ ደርሶ እንደ ሆነ ይጠይቁ። ጥያቄው ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

የእኔ ኮምፒዩተር ያለ ሥራ 41፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቪዲዮ ሲያዘጋጅ ደግሞ 76 ዲግሪ ያሳይ ጀመር። ትምህርቶቹም ለፈተናው ደረሱ። ሰሌዳ ላይ ስለ ሙቀት መተላለፍ የምጽፍበት ቀን ሲመጣ፣ ከሦስቱ መንገዶች በፊት ያን ጥያቄ እጽፋለሁ፤ «ይኼ ለምን ቀዘቀዘ?»