ነፃ ማለት በነፃ ብቻ አይደለም፦ ክራኩን ትተን ዲዛይን በሰፈር ብንማርስ?

ዛሬ የምናወራው ስለ ሶፍትዌር ነው፤ ግን እስቲ በማተሚያ ቤት በር እንግባ።

የሰፈር የኳስ ውድድር ደርሷል እንበል። አንድ ልጅ ሌሊቱን ሲለፋበት ያደረውን ባነር በፍላሽ ይዞ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ፋይሉ ሲከፈት የቡድኖቹ ስም መኖር ያለበት ቦታ ላይ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ቁጭ! «ፎንቱ እኛ ጋ የለም» ይሉታል። ልጁም ፎንቱን ከየት እንዳወረደው አያስታውስም። ባነሩን የሠራበት ፕሮግራም ደግሞ ከጓደኛው ጓደኛ የተቀዳ ክራክ ነው፤ ጠዋት ሲነካው አልከፈትም ብሏል። ውድድሩ ነገ ነው።

እኔም በዚህ አልፌያለሁ። ተማሪ እያለሁ አንድ ክራክ ስጭን «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ» የሚል መመሪያ አብሮት ነበር። አጠፋሁት። ሳምንት ሳይሞላ ፍላሼ ላይ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆኑ። ከጠፉት ውስጥ የእህቴ የሠርግ ፎቶዎች ነበሩበት፤ እስከ ዛሬ ስትነሳ ታነሳብኛለች።

ክራክ የምንጠቀመው ሌብነት ስለሚጥመን አይደለም። አዶቢ ከ2013 ጀምሮ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አዳዲሶቹን የፎቶሾፕ ስሪቶች በየወሩ በሚከፈል ኪራይ ብቻ ማቅረብ ጀመረ። ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ለሌለው፣ ቢኖረውም በየወሩ ዶላር መክፈል ለማይችል ልጅ ይሄ ማለት በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን አጠገቡ ሌላ በር እንዳለ ነው።

ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር በ1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት፣ በ1985 ደግሞ የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን ጀመረ። የእሱ «ነፃ» ዋጋን የሚመለከት አይደለም። በእኛም ቋንቋ እኮ «በነፃ ገባሁ» እና «ነፃ ወጣሁ» አንድ አይደሉም። ነፃ ሶፍትዌር ሲባል አራት መብት ይሰጥሃል ማለት ነው፦ ለፈለግከው ሥራ መጠቀም፣ ውስጡ እንዴት እንደተሠራ ማየት፣ ኮፒ አድርጎ ለሌላ ሰው መስጠት፣ ከዚያም ቀይሮ የቀየሩትን ማካፈል። ለሰፈር ስልጠና ወርቁ ሦስተኛው ነው። አንድ ሰው ያወረደውን ሠላሳ ሰው በፍላሽ ቢቀዳው ማንም ሕግ አልጣሰም።

እዚህ ላይ «ካንቫም በነፃ ነው እኮ» የምትሉ አላችሁ። ልክ ነው፣ እኔም ለቸኮልኩበት ፖስት እጠቀመዋለሁ። ግን ያለ ኢንተርኔት ብዙም አያራምድም፣ ጥሩ ጥሩው ነገር ላይ የሚከፈልበት ምልክት አለ፣ ኮፒ አድርጋችሁ ለጓደኛ የምትሰጡት ፕሮግራምም አይደለም። ዋይፋይ በሌለበት አዳራሽ ውስጥ አሥር ሰው ማስተማሪያ አይሆንም።

ታዲያ ምን አለ? ለፎቶ ጊምፕ አለ፤ በ1995 ሁለት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት ነው። ለሎጎና ለፖስተር ኢንክስኬፕ፣ በእጅ ለመሳል ክሪታ፣ ለመጽሔትና ለመጽሐፍ ገጽ ቅንብር ስክራይበስ። ለ3ዲ እና ለአኒሜሽን ደግሞ ብሌንደር።

ብሌንደርን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በ2002 ከጀርባው የነበረው ኩባንያ ተዘጋ። መሥራቹ ቶን ሮዘንዳል ባለሀብቶቹን «100,000 ዩሮ ከመጣ ለሕዝብ ልቀቁት» ብሎ አስማማቸው፤ ከዚያ ተጠቃሚዎቹን በኢንተርኔት ለመነ። ገንዘቡ በሰባት ሳምንት ሞላ! በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ኮዱ ተለቀቀ። በ2025 በአኒሜሽን ኦስካር የወሰደው የላትቪያው ፊልም «ፍሎው» የተሠራው በዚሁ ብሌንደር ነው። ኦስካር ያመጣው ዕቃ ፍላሻችሁ ላይ ይገባል ማለት ነው። (ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነ ግን ያንገራግጫል፤ ከሱ አትጀምሩ።)

«ዩቲዩብ እያለ ወርክሾፕ ለምን?» ጥሩ ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ቪዲዮ ፓኬጅ ይበላል። ሁለተኛ፣ አስተማሪው «እዚህ ጋ ይጫኑ» ሲል እናንተ ጋ ያ ቁልፍ ከሌለ ቪዲዮው አይመልስላችሁም፤ አጠገባችሁ የተቀመጠች ልጅ ግን ትመልስላችኋለች። ሦስተኛውና ትልቁ፣ ብዙዎቻችን ያለን ስልክ እንጂ ላፕቶፕ አይደለም። አራት ላፕቶፕ ባለበት ክፍል ስምንት ሰው ይማራል። እንዲያውም ሁለት ሰው በአንድ ማሽን ሲሆን ይሻላል ባይ ነኝ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ስህተቱን ያይለታል።

ይሄን ነገር በትልቁ የሞከረች አገር አለች፤ ብራዚል። በ2004፣ ዘፋኙ ዥልቤርቱ ዥል የባህል ሚኒስትር በነበረበት ጊዜ፣ «የባህል ነጥቦች» የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። መንግሥት አዲስ ሕንጻ አልሠራም። ቀድሞውኑ በየሰፈሩ የሚንቀሳቀሱ የሙዚቃ፣ የቲያትር፣ የጭፈራ ቡድኖችን መርጦ ገንዘብ ሰጠ፤ ድምፅና ምስል መቅረጫና ማቀናበሪያ መሣሪያም ከነፃ ሶፍትዌር ጋር እንዲኖራቸው አደረገ። አጠቃቀሙንም በወርክሾፕ ተማሩ። እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ የሚናገረው ነገር ያለው ሰው ተገኘ፣ ሶፍትዌሩ ከኋላ መጣ። እኛ ጋ ብዙ ስልጠና የሚሞተው ተቃራኒውን ስለምናደርግ ይመስለኛል። «የጊምፕ ስልጠና» ተብሎ ይለጠፋል፣ ሜኑ በሜኑ ይዘረዘራል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል፣ በሳምንቱ ማንም አያስታውሰውም።

ስለዚህ በወጣት ማዕከልም ሆነ በእድር አዳራሽ ወይም በትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ልታዘጋጁ ካሰባችሁ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ሶፍትዌር?» ሳይሆን «ሰፈር ውስጥ ማን ምን ማሳተም ይፈልጋል?» ይሁን። ጁስ ቤቱ ሜኑ ይፈልጋል። እድሩ ማስታወቂያ ይፈልጋል። ኳሱ ፖስተር ይፈልጋል። እነዚህ ሦስቱ ለሁለት ቅዳሜ ይበቃሉ።

ከዚያ አንድ ሰው ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዶ ኢንክስኬፕንና ጊምፕን ከራሳቸው ዋና ድረ ገጽ ያውርድ። ሁለቱ ተደምረው አንድ ጊጋ አይሞሉም። ከነሱ ጋር ፎንት ይጨመር፦ አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ። ሦስቱም ክፍት ፈቃድ ያላቸው ናቸው፤ ለንግድ ሥራም ቢሆን መጠቀምና ለሌላ መስጠት ይቻላል። ጭነቱ ሁሉም ፊት ይሁን፤ የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው። አንቲቫይረስ አጥፉ የሚል መመሪያ የለም።

ትምህርቱን ከኢንክስኬፕ ጀምሩ እንጂ ከጊምፕ አይሁን። ምክንያቱን ላስረዳ። ጊምፕ የሚሠራው ፎቶ ከትንንሽ ነጠብጣቦች የተሰበሰበ ነው፤ ሲለጠጥ ነጠብጣቡ ይታያል። በዋትስአፕ የተላከ ሎጎ ባነር ላይ ሲወጣ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ኢንክስኬፕ ግን ቅርጹን እንደ ስሌት ነው የሚይዘው፤ «ከዚህ እስከዚያ መስመር፣ እዚህ ክብ» ብሎ። ስለዚህ አንዱ ሎጎ ቢዝነስ ካርድ ላይም፣ የሕንጻ ግድግዳ ላይም ጥርት ብሎ ይወጣል። ክብ፣ አራት ማዕዘንና ጽሑፍ፣ በነዚህ ሦስት ብቻ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያምር የጁስ ቤት ሜኑ ይሠራል።

ስልክ ብቻ ላላችሁም እዚህ ጋ ቦታ አለ። ክሪታ አንድሮይድ ላይ አለ፣ ግን የታሰበው ለታብሌት ስለሆነ ስልክ ላይ ይጠባል። የኔ ተወዳጅ ዘዴ ሌላ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ወፈር አድርጋችሁ ሳሉ፤ የቡና ጀበና፣ የቡድናችሁን ምልክት፣ የስማችሁን ፊደል፣ ያሻችሁን። በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንሱት። ፎቶውን ወደ ላፕቶፕ አስገብታችሁ ኢንክስኬፕ ውስጥ «ትሬስ ቢትማፕ» የሚለውን ስትጫኑ የእጅ ሥዕሉ ወደ ቬክተር ይቀየራል። ከዚያ ቀለም መቀባት፣ ማሳደግ፣ ማባዛት ነው። «እኔ ኮምፒውተር አልችልም» ያለ ሰው የራሱ ሥዕል ስክሪን ላይ ቀይ ሲሆን ሲያይ ፊቱን ማየት ነው!

አሁን ወደ ባዶ ሳጥኖቹ እንመለስ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቁጥር ያገኘው በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች የፊደሎቻችንን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ስለዚህ አንድ የቆየ ፋይል ስትከፍቱ ጽሑፉ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ከሆነባችሁ በአሮጌው መንገድ የተጻፈ ነው፤ ያንኑ የጥንት ፎንት ካላገኛችሁ አይነበብም። ባዶ ሳጥን ካያችሁ ግን ጽሑፉ ጤነኛ ነው፤ የጠፋው ፎንቱ ነው። ፕሮግራሙ በምትኩ ግዕዝ የማያውቅ ፎንት አስገብቶበታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ጽሑፉን መርጣችሁ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ሲን አንድ ላይ ተጫኑ። «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» ይባላል፤ ፊደሎቹ ጽሑፍ መሆናቸው ቀርቶ ሥዕል ይሆናሉ። የየትኛውም ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ፎንቱ ባይኖረውም እንዳለ ያወጣዋል። ግን ከዚያ በኋላ «ሐ»ን ወደ «ሀ» ልቀይር ብትሉ አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ ኮፒ በሌላ ስም አስቀምጡ። ይሄን የዘለለ ሰው አንድ ቀን ያለቅሳል፤ የምለውን አውቃለሁ።

ሁሉም ነገር ማር ነው እንዳልል ደግሞ፣ ቀለም ላይ ችግር አለ። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ማተሚያ ግን በአራት ቀለም። ኢንክስኬፕ ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ደብዘዝ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ስክራይበስ ለማተሚያ የሚሆን ፒ.ዲ.ኤፍ ያወጣል፤ እሱ ከከበዳችሁ ብዙ ኮፒ ከመታተሙ በፊት አንድ ትንሽ ናሙና አሳትሙ። አንዳንድ ቦታም «የፎቶሾፕ ፋይሉን አምጣ» ይሏችኋል፤ ፒ.ዲ.ኤፍ እንደሚቀበሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሥራስ? የቅጥር ማስታወቂያዎች ላይ የሚጻፈው ፎቶሾፕና ኢለስትሬተር ነው፤ ይሄን መደበቅ ልክ አይደለም። ግን ሌየር ምን እንደሆነ፣ ማስክ እንዴት እንደሚሠራ፣ ኩርባ መስመር እንዴት እንደሚጎተት ጊምፕና ኢንክስኬፕ ላይ የተማረ ሰው እዚያም ያገኛቸዋል። የቁልፎቹ ቦታ ይቀያየርበታል፣ ጥቂት ሳምንት ይነጫነጫል፣ ይለምደዋል።

ስለ አስተማሪ አትጨነቁ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ የተማሩት ሁለተኛውን ቅዳሜ ለአዲሶቹ ያሳያሉ፤ ትናንት የተማረ ሰው የት ጋ ግራ እንደሚያጋባ ከባለሙያው በተሻለ ያስታውሳል። ሰዓቱን ግን አስቡበት። ምሽት ካደረጋችሁት ብዙ ሴት ልጆች ይቀራሉ፣ መብራት ከጠፋም ቀኑ በዚያው ያልቃል። የላፕቶፕ ባትሪ ጠዋት ሞልቶ ይምጣ።

ስትጨርሱ ሁሉም ፍላሹን ያውጣ። ሦስት ፎልደር ይዞ ይሂድ፦ መጫኛዎቹን፣ ፎንቶቹን፣ የሠራውን ሥራ ከነኮፒው። በሰፈራችሁ እንዲህ ዓይነት ስልጠና ካለ ቦታውንና ሰዓቱን ላኩልን፣ እንለጥፈዋለን።