እጁን ያወጣው ማን ነው?

የደቡብ ኦሞ መራጭ እንደራሴውን በመልክ ያውቀዋል፤ በንግግርም ያውቀዋል። አዲስ አበባ ላይ ድምፅ ሲሰጥ ግን አይቶት አያውቅም።

ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም. ጂንካ 13ኛውን የአርብቶ አደሮች ቀን አስተናገደች። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መድረኩ ላይ ወጥተው በኦሞ ሸለቆ 150 ሺህ ሄክታር መሬት በሸንኮራ አገዳ ሊለማ መሆኑንና የወንዙም ሙላት በጊቤ 3 ግድብ እንደሚገራ ለሕዝቡ ነገሩ። አካባቢው የቱሪስት መመልከቻ ሆኖ እንዲቀር ይፈልጋሉ ያሏቸውንም ወቀሱ። ኋላ የስኳሩ ዕቅድ ተቀነሰ፤ ግድቡ ግን ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። 243 ሜትር ከፍታ፣ 1,870 ሜጋዋት። ሙላቱ ሲሸሽ በዳርቻው ረግረግ ላይ ማሽላና በቆሎ ይዘሩ ለነበሩት ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ቀጉ፣ ካሮ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች የወንዙ የጥንት ጠባይ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ያ ንግግር ዛሬም ይወሳል። ወደ ተግባር ያሻገሩት ድምፆች ግን ሲወሱ አይሰማም። መንገዱ እንዲህ ነበር፦ ስኳር ኮርፖሬሽን የተቋቋመው እዚያው 2003 ዓ.ም. ውስጥ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ስለሆነ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ አልቀረበም። መሬቱን ያስገኘው ሕግ ግን ቀርቧል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 በአንቀጽ 5 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ የገጠር መሬት ባለቤት መንግሥት ስለሆነ የወል ይዞታን እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ መለወጥ እንደሚችል ደነገገ። ለገበሬው አገር ይህ ከብዙ አንቀጾች አንዱ ነው። የከብቱ መሬት ሁሉ የወል ለሆነበት ለሐመር፣ ለበና፣ ለኤርቦሬና ለፀማይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከአሥር ዓመት ቀድሞ የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ላለመፈናቀል መብት ሰጥቶታል። ሁለቱ አንቀጾች ፊት ለፊት ተፋጠው ነበር ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ከደቡብ ኦሞ ተመርጠው አዋጁ ሲጸድቅ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት እንደራሴዎች ምን አደረጉ? ደገፉ? ተቃወሙ? ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ? የነጋሪት ጋዜጣውን ከላይ እስከ ታች ቢያነቡት የአዋጁን ቁጥር፣ ቀኑንና የፕሬዚዳንቱን ፊርማ ያገኛሉ። የአንድም እንደራሴ ስም አያገኙም።

ይህ የአንድ አዋጅ ጉድለት አይደለም፤ የምክር ቤቱ የአሠራር ባህል ነው። ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። አፈ ጉባኤው የሚደግፉትን፣ ቀጥሎ የሚቃወሙትን፣ በመጨረሻም ድምፀ ተአቅቦ የሚያደርጉትን ይጠይቃል፤ ይቆጠራል፤ «በአብላጫ ድምፅ» ወይም «በሙሉ ድምፅ» ጸደቀ ይባላል። ማታ በዜና የምንሰማውም ይህንኑ ነው። የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ሲጸድቅ 23 ተቃውሞና 2 ድምፀ ተአቅቦ ነበር። ነሐሴ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲጸድቅ ደግሞ 16 ተቃውሞና 12 ድምፀ ተአቅቦ። ቁጥሩ አለ፤ ሰዎቹ የሉም።

በዚህ ረገድ ትንሽ የሚያስቅ ዘመን ነበረን። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547ቱ መቀመጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545ቱን ወሰዱ። የቀሩት ሁለቱ ከአዲስ አበባ የተመረጡት የተቃዋሚው ጥምረት የ«መድረክ» አባል ግርማ ሰይፉና ከካፋ በግል የተመረጡት ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። በእነዚያ አምስት ዓመታት «በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ» የሚል ዜና ሲሰማ አድማጩ ማን እንደሆነ ለመገመት አይቸገርም ነበር። በምክር ቤቱ ታሪክ የድምፅ መዝገብ ያለው እንደራሴ ካለ ግርማ ሰይፉ ናቸው፤ ያም ብቻቸውን በመሆናቸው። የ2007ቱ ምርጫ 547ቱንም መቀመጫ ለግንባሩና ለአጋሮቹ ሲሰጥ ይቺም ቀዳዳ ተደፈነች።

ቆጠራው ራሱ ያነጋገረበት ቀንም አለ። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በዓድዋ በዓል ዕለት፣ ምክር ቤቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ድምፅ ሰጠ። ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ዓይነቱ አዋጅ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። መጀመሪያ የተነገረው 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞና 7 ድምፀ ተአቅቦ ነበር። በወቅቱ ከነበሩት 539 አባላት ሁለት ሦስተኛው ደግሞ ከ346 ይበልጣል። ብዙም ሳይቆይ ድጋፉ 395 ነው ተብሎ ታረመ። በመካከሉ 49 ድምፅ አለ። ክርክሩ ለሳምንታት ቀጠለ፤ አንዱ ተጭበርብሯል ሲል ሌላው የቆጠራ ስህተት ነው አለ። የስም ዝርዝር ቢኖር ኖሮ ጉዳዩ በግማሽ ቀን ባለቀ ነበር። 49ኙ ስም ስለሌላቸው ማንም ማንንም ሊያሳምን አልቻለም። ከ88ቱ መካከል ከጂንካ፣ ከዲመካ ወይም ከኦሞራቴ አካባቢ የሄደ እንደራሴ ነበረ? በዚያን ዘመን ከገዢው ግንባር ወገን ሆኖ እጅን ለተቃውሞ ማውጣት ቀላል ድፍረት አልነበረም። አድርገውት ከሆነ መራጫቸው ሊያመሰግናቸው ይገባ ነበር፤ የሚያመሰግንበት መንገድ ግን አልነበረውም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርም የሚያደርገው የደቡብ ኦሞ የራሱ የሸንጎ ወግ ነው። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የሙርሲን ሕዝባዊ ጉባኤዎች ተከታትሎ ጽፏል፤ ቀርጿልም። ወንዶቹ በዛፍ ጥላ ሥር ይሰባሰባሉ። ተናጋሪው ከመሀል ብቻውን ይወጣል፤ ወዲህ ወዲያ እየተንጎራደደ ሐሳቡን ይናገራል፤ ሲጨርስ ሌላው ይነሣል። ድምፅ አይሰጥም፣ እጅም አይቆጠርም። ስምምነቱ ብስል እስኪል ይነጋገራሉ። አንትሮፖሎጂስቶቹ ኢቮ ስትሬከርና ጂን ላይዳል ስለ ሐመር በጻፉትም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ እዚያ ተናጋሪው ጦር ይዞ ይቆማል። በእነዚህ ጉባኤዎች ማን ምን አቋም እንደያዘ የማያውቅ የለም። ከብቶች ወደ የትኛው ግጦሽ እንዲሄዱ እንደመከረ፣ ከጎረቤት ጋር እርቅ ይሁን ወይስ ጠብ ብሎ እንደተከራከረ ከዓመታት በኋላም ይነሣበታል፤ ምክሩ ጉዳት ካመጣ ቀጥሎ ሲናገር የሚሰማው ሰው ይቀንሳል። ድምፅ የማይሰጥበት ሸንጎ እያንዳንዱን ሰው በአቋሙ ሲያውቀው፣ ሁሉም ድምፅ የሚሰጥበት ምክር ቤት ማንንም በአቋሙ አያውቅም። የቱ ነው ይበልጥ ዘመናዊ ብሎ ለመፍረድ ያስቸግራል።

ሸንጎውን አላሞካሸውም። ሴቶች ድምፃቸው የሚሰማው በተዘዋዋሪ ነው፤ ወጣቱም ሽማግሌውን ይጠብቃል። ግን የተጠያቂነቱ ነገር ግልጽ ነው።

በአዲስ አበባው አዳራሽ የደቡብ ኦሞ ውክልና በቁጥር ሲታይ ደካማ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ከ550 ከማይበልጡት የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ቢያንስ 20ውን ለአናሳ ብሔረሰቦች ይጠብቃል። በፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ አባል አለው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሙርሲ ወደ 7,500፣ ካሮ ደግሞ ወደ 1,500 ሰው ነበር፤ ለእነዚህም ወንበር አለ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኦሞ ሕዝብ ከጋሞ፣ ከጎፋ፣ ከወላይታ፣ ከጌዴኦና ከኮንሶ ዞኖች እንዲሁም ከአምስት ልዩ ወረዳዎች ጋር ድምፅ ሰጥቶ በዚያው ዓመት ነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ውሳኔዎቹ በፌዴሬሽን ምክር ቤት በኩል አልፈዋል። የውክልናው መዋቅር በጥንቃቄ የተሠራ ነው። የጎደለው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ምን እንዳደረገበት የሚናገር ወረቀት ነው።

እንደራሴው በእርግጥ ከሌላ አቅጣጫ ይታያል። ምክር ቤቱ በየዓመቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ በእረፍቱ አባላት ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይወርዳሉ። በዚያ ውይይት የሚነሣው የታወቀ ነው፦ መንገድ፣ ውሃ፣ መብራት፣ የከብት በሽታ፣ የጎረቤት ግጭት፣ በቆላው ደግሞ የኦሞ ወንዝና የቱርካና ሐይቅ ሙላት። በ2012 ዓ.ም. መገባደጃ ውሃው የዳሰነችን መንደሮች ሲያጥለቀልቅ ጥያቄው ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። እንደራሴው መዝግቦ ይመለሳል፤ አንዳንዱም ሚኒስትር ሪፖርት ሲያቀርብ ተነሥቶ ይጠይቃል። ይህ ሥራ ነው፤ አይናቅም። ነገር ግን ጥያቄ መጠየቅና ድምፅ መስጠት የተለያዩ ናቸው። ጠዋት ስለ ተፈናቃዩ በምሬት የጠየቀ እንደራሴ ከሰዓት በኋላ የሚያፈናቅለውን ሕግ ሊደግፍ ይችላል፤ ጥያቄው በቴሌቪዥን ይተላለፋል፣ እጁ ግን በጅምላው ውስጥ ይቀራል። የጂንካ መራጭ ስለ እንደራሴው አቋም የሚያውቀው ካሜራው የመረጠለትን ብቻ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ እንደራሴው ለሦስት ጌቶች እንዲገዛ ያዝዛል፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው። ፓርቲ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። በተግባር ግን አዳራሹ ውስጥ እጁ የት እንዳለ ዞር ብሎ የሚያየው የፓርቲው ተጠሪ ነው። ስም መመዝገብ አባላትን ለጫና ያጋልጣል የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ ይፈርሳል። እጅ ማውጣት ለፓርቲው ግልጽ ድምፅ ነው፤ ለጓደኛም፣ ለአፈ ጉባኤም ግልጽ ነው። ምሥጢር የሆነው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚኖረው መራጭ ብቻ ነው። ያው አንቀጽ እንደራሴው በሰጠው ድምፅ እንደማይከሰስ ያረጋግጣል፤ ቀጥሎም መራጩ እምነት ካጣበት ከወንበሩ ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። ያላየውን ድምፅ በምን መዝኖ እምነት ያጣል?

በአገራችን የፓርላማ ታሪክ ድምፅ ጉዳት ወይም ጥቅም አላመጣም የሚል ሰው ካለ የንጉሠ ነገሥቱን ፓርላማ ያስታውስ። በ1950 ዓ.ም. ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ከተቋቋመ በኋላ በ1960ዎቹ የጭሰኛና የባለ መሬት ግንኙነት ረቂቅ ቀርቦ ነበር። ብዙዎቹ እንደራሴዎች ራሳቸው ባለ መሬት ነበሩ። ረቂቁ እየተንጓተተ ሳይጸድቅ አብዮቱ ደረሰ። ያንን ረቂቅ ማን እንዳዘገየው በስም የሚያውቅ ጭሰኛ ቢኖር ኖሮ ምን ያደርግ ነበር የሚለው የታሪክ ጥያቄ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ያደረገው በኮምፒውተር ዘመን አይደለም። የእንግሊዝ የተራው ሕዝብ ምክር ቤት የድምፅ ሰጪዎችን ስም ማሳተም የጀመረው በፈረንጆቹ 1836 ነው፤ በላባ ብዕር ዘመን። የአሜሪካ ሕገ መንግሥትም ከተገኙት አባላት አንድ አምስተኛው ከጠየቀ የደጋፊና የተቃዋሚ ስም በመዝገብ እንዲገባ ያዝዛል። እዚያ አገር አንድ እጩ ለዳግም ምርጫ ሲቀርብ ተቃዋሚው መጀመሪያ የሚመዝዘው ይህንን መዝገብ ነው፤ ብዙ ጊዜም አጣሞ ይመዝዘዋል። የስም መዝገብ ሐሰተኛ ክስንም ያመጣል፤ እንደራሴው ግን መልስ የሚሰጥበት ሰነድ በእጁ አለው።

በ2016 ዓ.ም. 456ን የተካው አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 1324፣ ጸደቀ። የአርብቶ አደሩን የወል ይዞታ ጉዳይ እንደገና የነካው ይህ ሕግ ለሐመርና ለዳሰነች ከዓመታዊው በጀት ያላነሰ ነበር። በዚህኛውም ላይ የአካባቢው እንደራሴዎች እጅ የት እንደነበረ በነጋሪት ጋዜጣው ላይ አይታይም።

ለውጡ ከባድ ሕግ አይጠይቅም። ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል አያስፈልግም፤ አንቀጽ 59 ምክር ቤቱ የራሱን የአሠራር ደንብ ራሱ እንዲያወጣ ሥልጣን ሰጥቶታል። አንድ ንዑስ አንቀጽ፣ አንድ የስም ዝርዝርና ውጤቱን የሚለጥፍ አንድ ሰሌዳ ይበቃል። ያ ማሻሻያ ቀርቦ ሲጸድቅም ሆነ ሲወድቅ ግን ድምፅ የሚሰጠው በዛሬው ደንብ፣ እጅ በማውጣት ነው።