ጀበናውና የመስታወቱ ማፍያ

ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ዕጣን ጤሶ፣ ሲኒው በረከቦቱ ላይ ካልተደረደረ በዓሉ በዓል አይመስለንም። ከባሕር ማዶ የሚመጡ ዘመዶቻችን ግን «ፍሬንች ፕሬስ» የተሰኘውን ባለ ወንፊት መግፊያ የመስታወት ማፍያ በስጦታ ያመጡልናል። እኛም ለመጀመሪያ ጊዜ አፍልተንበት ብንቀምስ አተላው አፋችንን ሞላው፤ ዕቃውን ወደ ቁም ሣጥን ልንመልሰው ነበር።

ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የእኛው ሆኖ ተገኘ። በጀበና የፈላ ቡና ሰክኖ አተላው ከታች ስለሚዘቅጥ ልሞ ቢወቀጥ አይጎዳም። በማፍያው ግን አተላውን የሚያግደው ወንፊቱ ብቻ ነው፤ የላመው ዱቄት ሾልኮ ያልፋል፤ መግፊያውንም ያከብደዋል። ስለዚህ ቡናው ሻከር ብሎ ይፈጫል።

ለግማሽ ሊትር ውኃ 30 ግራም ያህል ቡና ይበቃል። ውኃው ፈልቶ ከእሳት ከወረደ በኋላ ግማሽ ደቂቃ አርፎ ይጨመርበታል። ከ4 ደቂቃ በኋላ መግፊያውን በዝግታ ወደ ታች መጫን ነው። ከአተላው ጋር ከቆየ ስለሚመር ቡናው ወዲያውኑ ይቀዳል።

እንዲህ ያፈላነውን እናታችን ቀምሰው አመሰገኑ። ቀጥለውም «ቶናውስ?» ቢሉን መልስ አጣን። ማፍያው አቦል እንጂ ቶናና በረካ አያውቅም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚጫወተው ደግሞ ሦስቱን ሲጠብቅ ነው።

እናም ማፍያው ለሥራ ቀን ማለዳ ይሁንልን፤ የበዓሉን ቡና ለጀበናው ትተናል።

መልካም በዓል!