የቡናው መንገድና የኮዱ መንገድ

ሰው ጉልበቱንም ሆነ አእምሮውን ሸጦ በሚያድርበት ኅብረተሰብ ውስጥ ስለ ማንኛውም ሥራ ሲነገር በቅድሚያ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ «ደመወዙ ስንት ነው?» የሚለው ሳይሆን «የተሠራው ነገር የማን ይሆናል?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ስለ ቡና ለቃሚው፣ ስለ ፋብሪካ ሠራተኛውና ስለ አናጺው ሲነሣ ኖሯል። ዛሬ ደግሞ ልጆቻችን እየገቡበት ባለው አዲስ የሥራ መስክ፣ ማለትም በኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራ ላይ ሊነሣ ግድ ሆኗል።

በመቱ፣ በጎሬ፣ በኡካና በሌሎቹ የኢሉባቦር ከተሞች የዕድር ስብሰባ ሲያበቃ ወይም ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰባሰብ፣ የእገሌ ልጅ «ለፈረንጅ ኩባንያ በኮምፒውተር ይሠራል» ተብሎ ቢወራ ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ወላጆች ይኮራሉ፤ ታናናሾችም ያንኑ መንገድ ይመኛሉ። ይሁን እንጂ ልጁ በእውነቱ ምን እንደሚሠራ፣ የድካሙም ፍሬ የት እንደሚያርፍ ሲጠየቅ አጥጋቢ መልስ የሚሰጥ ብዙ ሰው አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ከሥር መሠረቱ መመርመር ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የአካባቢያችን ታሪክ ራሱ ይበቃል። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው የድንበር ውል እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር፣ በጋምቤላ፣ የንግድ ጣቢያ እንዲኖራቸው ተፈቀደ። ከዚያ ወዲያ ባሮ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን እየመጡ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ይጭኑ ጀመር። ጎሬም የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች የተሰባሰቡባት የንግድ ማዕከል ሆነች። ገበሬው ቡናውን ለቅሞ አደረቀ፤ በበቅሎና በሰው ትከሻ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ ወረደ፤ መርከቡም ጭኖ ሄደ። ቡናው ግን የተቆላው፣ የታሸገው፣ ስምም የወጣለት በሌላ አገር ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች፤ መርከቡም ታሪክ ሆነ። ጥሬውን ሸጦ ያለቀለትን የመግዛቱ ግንኙነት ግን መርከቡ ስለቆመ አልቆመም።

ዛሬ ከእነዚሁ ከተሞች የሚነሣ ሌላ ጭነት አለ። ይህ ጭነት በቅሎ አይሻም፤ የባሮንም መሙላት አይጠብቅም። በሽቦና በአየር ሞገድ ተጉዞ በቅጽበት ውቅያኖስ ይሻገራል። ይኸውም ኮድ ነው።

ለመሆኑ ኮድ ምንድን ነው? ኮድ ማለት ኮምፒውተር አንድን ተግባር ደረጃ በደረጃ እንዲፈጽም የሚሰጠው በጽሑፍ የሰፈረ ትእዛዝ ነው። ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ ሲተላለፍ፣ በስልክ መልእክት ሲላክ፣ የአውሮፕላን ትኬት ሲቆረጥ፣ ከበስተጀርባ ሆኖ የሚሠራው ይህ ትእዛዝ ነው። በታላላቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ዘንድ ደግሞ የኮድ ሥራ ልክ እንደ ፋብሪካ ሥራ ተከፋፍሏል። አንድ ፕሮግራመር ሙሉውን ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይሠራም። ጠዋት ከቡድኑ ጋር አጭር ስብሰባ ተቀምጦ ትናንት ምን እንደሠራ፣ ዛሬ ምን እንደሚሠራ ይናገራል፤ ከተቆረሰለት ትንሽ ቁራጭ ሥራ ላይ ይውላል፤ የጻፈውን ባልደረባው መርምሮ ካጸደቀው፣ በፈተናም ካለፈ፣ ከዋናው ኮድ ጋር ይዋሐዳል። ተረኛ በሚሆንበት ሳምንት የሚጠበቀው ሥርዓት ቢታወክ በውድቅት ሌሊት ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል። እንግዲህ ለስላሳ ወንበር ላይ መቀመጡና ደህና ደመወዝ መብላቱ ሠራተኛነቱን አይፍቀውም። የሚሸጠው ያው የሥራ ኃይሉን ነው።

ኩባንያዎቹስ ከአገራቸው ርቀው ቢሮ የሚከፍቱት ለምንድን ነው? የአሜሪካው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1985 በህንድ አገር፣ በባንጋሎር ከተማ፣ የልማት ማዕከል ሲከፍት ሥራው በሳተላይት መሥመር ወደ አሜሪካ ይላክ ነበር። ከዚያ በኋላ ባንጋሎር በመቶ የሚቆጠሩ ኩባንያዎች የሚሰፍሩባት ከተማ ሆነች። በአህጉራችንም ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 በናይሮቢና በናይጄሪያ የልማት ማዕከሎችን መክፈቱን፣ ጉግልም በ2022 በናይሮቢ ተመሳሳይ ማዕከል ማቋቋሙን አስታውቀዋል። ምክንያቱ በጎ አድራጎት አይደለም። የሠለጠነ አእምሮ ከካሊፎርኒያ ባነሰ ዋጋ ይገኛል፤ አዲስ ገበያም ቅርብ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ካሊፎርኒያ ሲመሽ አዲስ አበባና ናይሮቢ ስለሚነጋ ሥራው ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ይካሄዳል።

አገራችንም ከዚህ ሰንሰለት ውጭ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ ሶፊያ ለተባለችው ሮቦት በተሠራው ሶፍትዌር ላይ ተሳትፏል። ሮቦቷ ግን የሆንግ ኮንጉ የሃንሰን ሮቦቲክስ ምርት ናት፤ ዓለም የሚያውቃትም በዚሁ ነው። የአዲስ አበባ ወጣቶች እጅ እንዳለበት የሚያውቅ ስንት ሰው ነው?

እዚህ ላይ ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። የተሠራው ነገር የማን ይሆናል? መልሱ በቅጥር ውሉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ሠራተኛው በሥራው ላይ ሆኖ የጻፈው ኮድ የአሠሪው ንብረት ነው። የእኛም አገር ሕግ ከዚህ አይለይም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል፤ ሠራተኛ በቅጥሩ ያመነጨው ሥራም፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው እንዲሆን ይደነግጋል። «በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የምትለው ሐረግ አጭር ብትሆንም ብዙ ወጣቶች ሳያነቧት የሚፈርሙባት ናት።

የኮድን ሥራ ከሌላው የእጅ ሥራ የሚለየው ዐቢይ ነጥብም እዚህ ላይ ነው። ጫማ ሠሪ አንድ ጥንድ ጫማ ቢሠራ የሚሸጠው አንድ ጥንድ ነው፤ ለሁለተኛው ጥንድ ሁለተኛ ድካም ያስፈልጋል። ኮድ ግን አንድ ጊዜ ተጽፎ ለሚሊዮኖች ይሸጣል። ለጸሐፊው የተከፈለው ለጻፈባት ቀን ብቻ ነው፤ ኩባንያው ግን ከዚያች ቀን ሥራ ለዓመታት ያተርፋል። አንዳንድ ኩባንያዎች ለሠራተኛው አክሲዮን እንደሚሰጡ የማይካድ ነው። ነገር ግን አክሲዮኑ ብዙውን ጊዜ በ4 ዓመት ተከፋፍሎ ስለሚሰጥ ጥቅም የመሆኑን ያህል ማሰሪያም ይሆናል።

ይህ ብቻም አይደለም። ኑሮውም እንደሚታሰበው የተደላደለ አይደለም። ሜታ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከ11,000 በላይ፣ ጉግል በጥር 2023 12,000፣ ማይክሮሶፍትም በዚያው ወር 10,000 ሠራተኞችን እንደሚያሰናብቱ አስታውቀዋል። በአሜሪካ በኤች-1ቢ ቪዛ የሚሠራ ባለሙያ ከሥራ ቢሰናበት ሌላ አሠሪ ለማግኘት የሚሰጠው ጊዜ እስከ 60 ቀን ብቻ ነው። ይህ ቪዛ በመደበኛው ኮታ በዓመት ለ85,000 ሰዎች የተወሰነ ሲሆን፣ የአሜሪካ መንግሥት በመስከረም 2025 ባወጣው ትእዛዝ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ ባለሙያ አሠሪው 100,000 ዶላር እንዲከፍል ወስኗል። የመኖሪያ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ሠራተኛ አለቃውን «ይህ ትክክል አይደለም» ለማለት ምን ያህል ነፃነት ይኖረዋል? እኛም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን፣ ደመወዛቸው ከፍ ያለ፣ ነገር ግን ከሥራ የመውጣት ሥጋት እንቅልፍ የነሣቸው የአገራችን ልጆች አጋጥመውናል።

ከዚህ በመነሣት ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ የውጭ ኩባንያ ሁሉ የብልጽግና በር ነው ብሎ የሚያመልክ አመለካከት ነው። ይህ አመለካከት ወጣቱ ውሉን ሳያነብ እንዲፈርም፣ ከተመለሰም የተሸነፈ መስሎ እንዲሰማው ያደርጋል። ሁለተኛው ደግሞ፣ በውጭ የሚሠራውን ሁሉ ወገኑን የከዳ አድርጎ የሚኮንን ነው። ይህም ያንኑ ያህል ስሕተት ነው። ልጁ የሚልከው ገንዘብ የእናቱን ቤት ያድሳል፤ የታናሹን የትምህርት ወጪ ይሸፍናል። ከዚህም በላይ፣ ቡና ለቃሚዋ በመጋዘን ስለሚደረገው ነገር ምንም ሳታውቅ የምትቀር ስትሆን፣ ፕሮግራመሩ ግን የመቁላቱንና የማሸጉን ዕውቀት ይዞ ይወጣል። ኮዱ የኩባንያው ነው፤ ሙያው ግን የእሱ ነው። መሠረታዊው ልዩነት ይህ ነው፤ ተስፋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ለዚህ ሕያው ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት አቶ ፍሥሐ አጥላው ዳሸን ኢንጂነሪንግ የተባለ ድርጅት አቋቁመው በኮምፒውተር በፊደላችን ለመጻፍ የሚያስችል ፕሮግራም አዘጋጁ። እሳቸው ብቻም አልነበሩም፤ በተለያዩ የአሜሪካ ከተሞች ይኖሩ የነበሩ ሌሎች ኢትዮጵያውያንም በዚሁ ተግባር ተጠምደው ነበር። ከብዙ ውይይትና ድካም በኋላ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ገባ። ዩኒኮድ ማለት የዓለም ፊደላት በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር እንዲኖራቸው የሚያደርግ የጋራ ደንብ ነው። ዛሬ ከመቱ ወደ አዲስ አበባ በአማርኛ የሚላክ የስልክ መልእክት ሳይበላሽ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሥራ የማንም ኩባንያ የግል ንብረት አልሆነም፤ የሁላችን ሆኖ ቀርቷል። ከኩባንያ የተቀሰመ ሙያ ለሕዝብ ሲመለስ ምን እንደሚያፈራ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሙያ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ድምፅም ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ዶክተር ትምኒት ገብሩ፣ በጉግል የሰው ሠራሽ አእምሮን ሥነ ምግባር የሚመረምር ቡድን ከሚመሩት አንዷ ነበሩ። በታላላቅ የቋንቋ ፕሮግራሞች ጉዳት ላይ ከሌሎች ጋር ባዘጋጁት ጥናት የተነሣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ከኩባንያው ተለያዩ። እሳቸው ተባረርኩ ሲሉ፣ ኩባንያው መልቀቂያቸውን ተቀበልኩ ብሏል። በሺህ የሚቆጠሩ የጉግል ሠራተኞች የተቃውሞ ደብዳቤ ፈረሙ፤ በጥር 2021 የኩባንያው ሠራተኞች ማኅበር መቋቋሙ ይፋ ሆነ። ዶክተር ትምኒትም በዓመቱ ዳር የተባለውን ነፃ የምርምር ተቋም መሠረቱ። በናይሮቢም ለታላላቅ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች በኮንትራት የሚሠሩ ከ150 በላይ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 2023 ተሰብስበው ማኅበር ለማቋቋም ወስነዋል። ከኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሠራተኛም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ መብቱን የሚያስከብረው ተደራጅቶ መሆኑን እነዚህ ክንውኖች ያረጋግጣሉ።

እንግዲህ በመቱ፣ በጎሬና በኡካ የምንገኝ የሠፈር ማኅበራት ምን ማድረግ እንችላለን? መነሻው አለ። መቱ ዩኒቨርሲቲ በቅርባችን ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠናም በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው። ነገር ግን ሥልጠና በወረቀት ላይ መኖሩና ለኡካ ወጣት መድረሱ አንድ አይደሉም። መብራት ሲጠፋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ትምህርቱም ሥራውም ይቆማል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ለሳምንታት በተዘጋ ጊዜ፣ በኢንተርኔት ለሩቅ አሠሪ የሚሠራ ሰው እንጀራው እንደሚቋረጥ በግልጽ ታይቷል። ስለዚህ መብራትና ኢንተርኔት ዛሬ እንደ መንገድና እንደ ውኃ የሚጠየቁ የሥራ መሣሪያዎች ናቸው፤ ነዋሪውም በየስብሰባው ሳይታክት ሊጠይቃቸው ይገባል።

ከዚህ ሌላ በአቅማችን የሚፈጸሙ ሦስት ተግባራት አሉ። አንደኛ፣ የቀበሌ አዳራሽ ከስብሰባ ሰዓት ውጭ ለወጣቶች የጋራ መማሪያ ይሁን፤ ለአንድ ሰው የሚከብድ የኮምፒውተርና የኢንተርኔት ወጪ ለብዙዎች ሲካፈል ይቀልላል። ሁለተኛ፣ ከመካከላችን ሕግ የሚያውቁ ሰዎች ወጣቶች የቅጥር ውል ከመፈረማቸው በፊት አንቀጹን አብረው ያንብቡላቸው። ሦስተኛ፣ በባሕር ማዶ ቢሮዎች የሚሠሩ የአካባቢው ልጆች ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ከሳምንታቸው አንድ ሰዓት ዕውቀት እንዲልኩ እንጠይቃቸው። አማርኛ በጉግል የትርጉም አገልግሎት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016፣ አፋን ኦሮሞ ደግሞ በ2022 ነው። የራሳችን ሠሪዎች እስካላፈራን ድረስ ቋንቋዎቻችን ተራቸው እስኪደርስ የሌላውን ደጅ ይጠናሉ። የቡና ገበሬው የዕለቱን ዋጋ በቋንቋው በስልኩ የሚያነብበትን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ሒሳቡን የሚይዝበትን ፕሮግራም ከዚህ አካባቢ ልጅ በተሻለ ሊሠራው የሚችል ማን ነው?

አባቶቻችን ቡናቸውን በባሮ ሲልኩ የመቁላቱን ጥበብ የሚያመጣላቸው መርከብ አልነበረም፤ መርከቡ ጭኖ ከመሄድ በቀር የሚያስተምረው ነገር አልነበረውም። የዛሬው መንገድ ግን ወዲያና ወዲህ ይሠራል። በእሱ የሚሄደው ጉልበታችን ብቻ እንዲሆን ከፈቀድን ግን የጋምቤላው ታሪክ ይደገማል። ሙያው እንዲመለስበት ከተጋን፣ «የተሠራው ነገር የማን ነው?» ተብለን ስንጠየቅ «የእኛም ነው» ብለን የምንመልስበት ቀን ይመጣል።