የቪዲዮ ሰዓት ቁጥር ሲዛባ ምን ይደረጋል?

በካምፓችን የሚዘጋጁ ቪዲዮዎች ዛሬ የሠርግና የበዓል ብቻ አይደሉም። የማኅበረሰብ ስብሰባም ስለ ውኃና ስለ ክትባት የሚሰጠው ትምህርትም ይቀረፃል፤ ከዚያም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በስዋሂሊ የግርጌ ጽሑፍ ይታከልበታል። ተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ኮምፒዩተር የለውም። ስለዚህ ከአቀናባሪው አጠገብ ተቀምጦ እያየ፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር በየትኛው ቁጥር ላይ እንደሚገባ በደብተር ይመዘግባል። ደብተሩ ላይ የሰፈረው ቁጥርና ኮምፒዩተሩ የሚያሳየው ቁጥር ካልተስማሙ የቀናት ልፋት ከንቱ ይሆናል። ጽሑፉ 3 ሴኮንድ ያህል ቢዘገይ እንኳ፣ ነርሷ ስለ ሁለተኛው መድኃኒት ስትናገር ተመልካቹ የሚያነበው ስለ መጀመሪያው ነው።

ይህ ቁጥር «ታይም ኮድ» ይባላል። ለምሳሌ 00:12:07:18 ሲል ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሴኮንድ፣ በመጨረሻም የፍሬም ቁጥር ማለት ነው። ቪዲዮ በፍጥነት የሚከታተሉ ነጠላ ምስሎች ስብስብ ሲሆን፣ አንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። በኢትዮጵያና በኬንያ ቴሌቪዥን በሴኮንድ 25 ፍሬም ያልፋል። በአሜሪካ 29.97 ነው፤ ለሲኒማ የሚሠራ ፊልም ደግሞ በተለምዶ 24 ነው። ቆጠራው ከ00 ስለሚጀምር በ25 የሚሄድ ቪዲዮ ከ24 በላይ አይቆጥርም። እንግዲህ ፕሮግራሙ በስንት እንደሚቆጥር ለማወቅ የቀኝ ቀስቱን ቁልፍ አንድ በአንድ እየተጫናችሁ የመጨረሻው ቁጥር ወደ 00 ከመመለሱ በፊት የት እንደሚደርስ ተመልከቱ። 24 ላይ ከተመለሰ 25 ነው፤ 29 ላይ ከተመለሰ 30 ወይም 29.97 ነው።

ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው ግን ቀላሉ ችግር ነው። ትናንት 00:12:07:18 ይል የነበረው ቦታ ዛሬ 18193 ወይም 454+33 ይላል። ቪዲዮው አልተበላሸም። የመጀመሪያው ፍሬሞችን ከመነሻው ጀምሮ መቁጠር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የጥንቱ የ16 ሚሊሜትር ፊልም አለካክ ሲሆን በአንድ ጫማ 40 ፍሬም ይገባል። ሦስቱም የሚያመለክቱት አንዱን ምስል ነው። በአዶቤ ፕሪሚየር «ኮንትሮል» የሚለውን ቁልፍ ይዞ ቁጥሩን በማውስ መንካት የአቆጣጠሩን ዓይነት ይለዋውጣል፤ አንድ ሰው ሳያውቅ ነክቶት ይሆናል። የለመዳችሁት እስኪመጣ ድረስ እንዲሁ ደጋግማችሁ ንኩት። በነፃ በሚገኘው ሾትከት ደግሞ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ታይም ፎርማት» የሚል አለ፤ ከዚያ ይመረጣል።

ሌላው፣ ቆጠራው ከ01:00:00:00 ሲጀምር ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ካልተነገረው በስተቀር እንዲህ ነው የሚጀምረው። የጠፋ አንድ ሰዓት የለም፤ በቴፕ ዘመን ከፕሮግራሙ በፊት ለቀለምና ለድምፅ መፈተሻ ቦታ ይተው ስለነበር የቀረ ልማድ ነው። (ከእኛ የጠዋት አንድ ሰዓት ጋርም ምንም ዝምድና የለውም።) ትልልቅ ካሜራዎች በበኩላቸው የተቀረፀበትን የቀን ሰዓት በታይም ኮድ መልክ ሊመዘግቡ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ጥሬው ቪዲዮ በሚታይበት መስኮት አንድ ቁጥር፣ የተቀናበረው በሚታይበት መስኮት ሌላ ቁጥር ይወጣል። ተርጓሚው የቀዳው ከየትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነው እንጂ ፕሮግራሙን መውቀስ አይጠቅምም።

አስቸጋሪው የአሜሪካው 29.97 ነው። የቀለም ቴሌቪዥን ደንብ በ1953 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲጸድቅ፣ የቀለሙ ሞገድ ከድምፁ ጋር እንዳይጋጭ 30 የነበረው በጥቂቱ ዝቅ ተደረገ። ቆጣሪው ግን 29.97 ብሎ መቁጠር አይችልም፤ 30 እያለ ይቆጥራል። ስለዚህ በግድግዳ ሰዓት ልክ አንድ ሰዓት ሲሞላ ታይም ኮዱ ገና 00:59:56:12 ላይ ነው፤ 108 ፍሬም፣ ማለትም 3.6 ሴኮንድ ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህን ለማስተካከል «ድሮፕ ፍሬም» የሚባል አቆጣጠር ወጣ። በየደቂቃው መጀመሪያ 00 እና 01 የሚሉት ቁጥሮች ይዘለላሉ፤ ከ00:00:59:29 ቀጥሎ 00:01:00:02 ይመጣል። በየአሥረኛው ደቂቃ ግን አይዘለልም። በሰዓት ውስጥ 54 ጊዜ ሁለት ሁለት ሲዘለል ያው 108 ይሆናል።

ልብ በሉ፤ የሚዘለለው ቁጥሩ ነው እንጂ ምስሉ አይደለም። ጳጉሜን በ4 ዓመት አንድ ጊዜ 6 ቀን የምትሆነው ቆጠራው ከፀሐይ ጋር እንዲሄድ ነው፤ ቀኗ በእኛ ቆጠራ አትፈጠርም። ይህም እንደዚያ ያለ የቆጠራ ማስታረቂያ ነው። በስክሪኑ ላይ የሚለየው በምልክቱ ነው፦ ድሮፕ ፍሬም ሲሆን በሁለት ነጥብ ፈንታ ጭራ ያለው ምልክት (;) ይታያል። ተርጓሚው በአንዱ መዝግቦ አቀናባሪው በሌላው ከከፈተ፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም የተስማማ ይመስልና ወደ መጨረሻው ሲደርስ ጽሑፉ ከንግግሩ ይርቃል። ልዩነቱ እየሰፋ ከሄደ ምክንያቱ የአቆጣጠር መለያየት ሳይሆን አይቀርም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ ግን የመነሻው ቁጥር ነው። በፕሪሚየር «ሲኩዌንስ ሴቲንግስ» ገብቶ «ዲስፕሌይ ፎርማት» የሚለውን መለወጥ ይበቃል፤ ምስሉ አይነካም።

በስልክ የተቀረፀ ቪዲዮ የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ስልኮች እንደ ብርሃኑ ሁኔታ ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ ስለሚያደርጉ ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ። መድኃኒቱ ሀንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም «ኮንስታንት ፍሬምሬት» መርጦ አስቀድሞ መለወጥ ነው። መብራት ባለበት ሰዓት፣ አንድም ቁራጭ ሳትቆርጡ ይሁን፤ ከቆረጣችሁ በኋላ ሥራው እንደገና ይጀመራል። በሪዞልቭም ቪዲዮ ካስገባችሁ በኋላ የፕሮጀክቱ የፍሬም ፍጥነት አይለወጥምና አስቀድማችሁ ወስኑ።

ተርጓሚዎች በደብተራችሁ የመጀመሪያ መስመር ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ በሴኮንድ ስንት ፍሬም እንደሆነ፣ ድሮፕ ፍሬም መሆን አለመሆኑን፣ ቆጠራው ከስንት እንደሚጀምር። የግርጌ ጽሑፉ ኤስአርቲ በሚባለው ፋይል የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ቁጥር ፍሬም ሳይሆን የሴኮንድ አንድ ሺኛ ነው። በ25 አንድ ፍሬም 40 ስለሆነ፣ 00:12:07:18 የነበረው 00:12:07,720 ተብሎ ይጻፋል።